አምቡላንስ እስኪደርስ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶቻችን። እሳት በጎጆ ጥግ ሲነሣ በእርጥብ ቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል። ጣራውን ከያዘ በኋላ ግን መንደሩ ሁሉ ውሃ ቢያመላልስ ቤቱን አያድነውም። የሰው ሕይወትም እንዲሁ ነው። አደጋ ለደረሰበት ሰው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብዙ ነገር ይወስናሉ።

በዚህ ምንባብ ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሙያ እንማራለን። ሙያው ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ማን ሊማረው እንደሚችል እናያለን። መኪናው እስኪደርስ ድረስም ከእያንዳንዳችን ምን እንደሚጠበቅ እንረዳለን።

1. በመንገድ ዳር ያየነው

እኛ ለማስተማር ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን ወደ ከሚሴ አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን የሒሳብ ተማሪ አለ፤ የሕግ ተማሪ አለ፤ የታሪክ ተማሪ አለች። ፊደል በመቁጠር የጀመርነውን ትምህርት አሁን ከእናንተ ጋር ወደ ንባብ አሸጋግረነዋል።

አንድ እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ ወርደን ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ገበያተኛው እየተበተነ ሳለ ሰው የጫነች አንዲት ባጃጅ ከአስፋልቱ ዳር ወጥታ ተገለበጠች። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ተጫጭረው ተረፉ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ግን የተቀደደ ቆርቆሮ ጭናቸውን ቆርጧቸው ወድቀዋል። ደሙ በልብሳቸው አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። አንዱ በእጃቸው፣ አንዱ በእግራቸው ይዞ ሊያነሣቸው ይታገላል። አንዲት እናት በጣሳ ውሃ አምጥታ በአፋቸው ልታንቆረቁር ትላለች። ሌላው ደግሞ «ኧረ ቡና ነስንሱበት፤ ደሙን ቀጥ ያደርገዋል!» እያለ ይጮኻል። ሁሉም የሚሯሯጠው በቅንነት ነው። ሁሉም ወገኑን ለማዳን ነው የሚደክመው።

እኛስ? እኛ አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቆመን እናያለን። እውነቱን መናገር ይሻላል። ከመካከላችን እጁን የት ማሳረፍ እንዳለበት የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት ተምረን፣ ደም የሚቆምበትን መንገድ አልተማርንም። አፈርን።

በዚህ መካከል አንድ ወጣት ሕዝቡን እየከፈለ ገባ። በኋላ እንደ ነገረን የዚያው አገር የገበሬ ልጅ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ሙያ እየተማረ፣ ለእረፍት ወደ ወላጆቹ መምጣቱ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ! አትጎትቷቸው!» አለ።

መጀመሪያ ያየው ቁስሉን አልነበረም፤ መንገዱን ነበር። ሁለት ሰዎች ወደ ላይና ወደ ታች ሄደው የሚመጣውን መኪና እንዲያቆሙ ላከ። ቀጥሎ «ንጹሕ ጨርቅና ፌስታል አምጡልኝ» አለ። ፌስታሉን በእጆቹ ላይ እንደ ጓንት አጠለቀ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰጠችው። ነጠላውን አጣጥፎ በቁስሉ ላይ አደረገና በሁለት እጁ፣ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ጨርቁ በደም ሲርስ አላነሣውም፤ በላዩ ላይ ሌላ ደረበበት። እጁ ሳይላላ በኦሮምኛ «አይዞዎት አባቴ፣ ያዋሩኝ» እያለ ያነጋግራቸዋል። እርሳቸውም በገዛ ቋንቋቸው ስለ ተጠየቁ፣ የት እንደሚያማቸው፣ ራሳቸውን መትቷቸው እንደ ሆነ በደከመ ድምፅ መለሱለት።

ከዚያ ወደ እኛ ዞር አለ። «እናንተ እስክሪብቶ አላችሁ አይደል? እንግዲያው ጻፉ!» አለን።

አንዳችንን የእጃቸውን ትርታ አስያዘ። ሌላችን በስልክ ሰዓት 30 ሰከንድ ያዝን። 62 ጊዜ መታ። በአንድ ደቂቃ 124 መሆኑ ነው። «10 ሰዓት ከ20፣ ትርታ 124» ብለን በደብተር ጻፍን። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ቆጠርን፤ 112 ሆነ። ደሙም እየቀነሰ ሄደ።

አምቡላንስ ተደውሎ ነበር። መኪናው ግን ምጥ የያዛት እናት ሊያደርስ ሄዷል ተባለ። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች የቅሬውን ቃሬዛ አመጡ፤ አንድ ሚኒባስ ሾፌርም ወንበሮቹን አስለቅቆ ተቀበለን። ወጣቱ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስ እጁን ከቁስሉ ላይ አላነሣም። እዚያ ስንደርስ የጻፍናትን ወረቀት ለተረኛው ሐኪም ሰጠን። ሐኪሙ አነበባትና ቶሎ ወደ ሥራው ገባ።

እኚያ አባት ዳኑ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልንጠይቃቸው ስንሄድ በምርኩዝ እያነከሱ ወጥተው ተቀበሉን። «ልጄ ነው ያተረፈኝ» አሉን። ወጣቱ ግን ልጃቸው አልነበረም።

ይህን ታሪክ በማታ ትምህርታችን ላይ ስናወጋ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «የእኔስ ልጅ ይህን መማር ትችላለች ወይ?» ብለው ጠየቁ። ይህ ምንባብ ለእርሳቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተጻፈ ነው።

2. የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ማነው?

የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ዶክተር አይደለም። የመኪና ሾፌር ብቻም አይደለም። አደጋው ከደረሰበት ቦታ እስከ ሐኪም ቤት ባለው ጊዜ ውስጥ በሽተኛውን በሕይወት አቆይቶ የሚያደርስ ሰው ነው። በሙሉ ስሙ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሽያን ይባላል።

ይህ ጊዜ ለምን እንዲህ ያሳስባል? ሁለት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛው አየር ነው። የሰው አንጎል ያለ አየር ብዙ አይቆይም። ትንፋሽ ከተቋረጠ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። ይህ ጊዜ አንድ ጀበና ቡና ከሚፈላበት ጊዜ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ደም ነው። በአንድ ትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም አለ። ገበያ የምናገኛትን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አስቡ። ከዚያች ጀሪካን ሲሦው ከፈሰሰ ሰውየው በሞት አፋፍ ላይ ነው። ጀሪካኗ ስትቀደድ ቀዳዳውን በጣታችን እንደምንደፍን ሁሉ የሰውም ደም ወዲያው መገደብ አለበት።

እንግዲህ አገራችንን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በሰንበቴና በከሚሴ በኩል ያልፋል። በባቲ በኩል ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ አለ፤ ከባድ መኪናዎች የወደብ ጭነት ይዘው ይመላለሱበታል። የሰኞው የባቲ ገበያና የእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ሰውን፣ ግመልን፣ ከብትንና መኪናን በአንድ መንገድ ላይ ያገናኛሉ። በክረምት ቦርከና ይሞላል። በጨፋ ሜዳ ሣርና በማሽላው ማሳ ውስጥ እባብ አለ። ከአስፋልቱ ርቀው በደዌ ሐረዋና በአርጡማ ፉርሲ ገጠር ያሉ እናቶች ምጥ ሲይዛቸው ሐኪም ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ አለባቸው። እንግዲህ ድንገተኛ ሕክምና የከተማ ሰው ነገር ብቻ አይደለም። እንዲያውም ሐኪም ቤት ለራቀበት ገበሬ ይበልጥ ያስፈልጋል።

3. ሙያው እንዴት ተጀመረ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 በሰሜን ኢጣሊያ ሶልፈሪኖ በሚባል ቦታ ታላቅ ጦርነት ተካሄደ። ብዙ ሺህ ቁስለኞች በሜዳው ላይ ወድቀው የሚያነሣቸው አጡ። ሄንሪ ዱናንት የሚባል የስዊዘርላንድ ነጋዴ በዚያ ሲያልፍ ይህን አየ። ዱናንት ሐኪም አልነበረም። ቢሆንም የመንደሩን ሰዎች፣ በተለይም ሴቶችን አስተባብሮ፣ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ ቁስለኞችን አስረዳ። ከዚህ ሐሳብ በመነሣት በ1863 የቀይ መስቀል ማኅበር ተመሠረተ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። ቀይ መስቀል የሃይማኖት ምልክት አይደለም። የስዊዘርላንድ ባንዲራ ቀለም ተገልብጦ የተሠራ ምልክት ነው። በብዙ የእስላም አገሮች ይኸው ማኅበር ቀይ ጨረቃ ተብሎ ይጠራል። ሥራቸው አንድ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሦስት ወር ሳይሞላው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ የቀይ መስቀል የሕክምና ቡድኖች ወደ ጦር ሜዳው ዘመቱ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጠላት አይሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን የሕክምና ቦታ ሳይቀር መቱ። የደሴ ሰው የድንገተኛ ሕክምናን ጥቅም በእሳት መካከል ነው ያየው።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ እንሻገር። ፒትስበርግ በምትባል ከተማ ሂል ዲስትሪክት የሚባል የጥቁሮች ሰፈር አለ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው በድንገት ሲታመም ፖሊስ በመኪናው ጭኖ ይወስደዋል እንጂ በመንገድ ላይ የሚረዳው አልነበረም። በ1967 ፒተር ሳፋር የተባለ ሐኪምና ጓደኞቹ ከዚያው ሰፈር ሥራ ያጡ ሰዎችን ሰብስበው ማሠልጠን ጀመሩ። «እነዚህ ለምን ይሆናሉ?» ተብለው የተናቁ ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱን ተቀብለው ሲወጡ ግን በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የሠለጠኑ የአምቡላንስ ባለሙያዎች መካከል ሆኑ። የአገልግሎቱ ስም ፍሪደም ሃውስ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ የነጻነት ቤት ማለት ነው። በ1975 ቢዘጋም የሥራው ዘዴ ለሌሎች ከተሞች አርአያ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ ችሎታ በትምህርት እንጂ በትውልድ እንደማይገኝ ነው።

በአገራችንም ሥራው ቀስ በቀስ አድጓል። በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት የሚሆኑበት ትምህርት ተጀመረ። በ2000ዎቹ ዓመታት መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ አከፋፈለ፤ ዋና ዓላማውም ወላድ እናቶችን ማድረስ ነበር። አቶ ክብረት አበበ የተባሉ የማደንዘዣ ነርስ ደግሞ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስ የሚባል ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ድርጅቱ በሽተኛ ከማመላለስ አልፎ ባለሙያ ያሠለጥናል።

ነገር ግን መኪና ብቻውን አያድንም። በብዙ ቦታ በአምቡላንሱ ውስጥ ከሾፌሩ በቀር ማንም የለም። በሽተኛው ከኋላ ተኝቶ፣ የሚይዘው እጅ ሳያገኝ ይሄዳል። ሞፈሩና ቀንበሩ ቢሟላ አራሽ ከሌለ ማሳው አይታረስም። አምቡላንስም እንዲሁ ባለሙያ ይፈልጋል።

4. ትምህርቱ ምን ምን ይዟል?

ትምህርቱ በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ይሰጣል። ሦስት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነው። ተማሪው የሰውን አካል ክፍሎች ያጠናል። ሳንባ እንዴት አየር እንደሚስብ፣ ልብ እንዴት ደም እንደሚረጭ፣ አጥንት ከአጥንት በምን እንደሚያያዝ ይማራል።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ሰው በሚመስል አሻንጉሊት ላይ ይለማመዳሉ። ልቡ የቆመን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫንን፣ 30 ጊዜ ከተጫኑ በኋላ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠትን እጃቸው እስኪለምደው ይደጋግሙታል። የተሰበረ እግር ያስራሉ። አንገቱ የተጎዳን ሰው ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ቃል፣ እንደ ግንድ ሳያጣምሙ ማዞር ይማራሉ። ምጥ በመንገድ ላይ ቢመጣ እናትና ሕፃንን እንዴት እንደሚቀበሉ ይለማመዳሉ።

ሦስተኛው ክፍል በሐኪም ቤት የድንገተኛ ክፍልና በአምቡላንስ ውስጥ የሚደረገው ልምምድ ነው። ተማሪው በባለሙያ እየታየ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ይሠራል። እዚህ ላይ ነው ልብ የሚፈተነው። አሻንጉሊት አይጮኽም፤ ሰው ግን ይጮኻል። ወጣቱ ሲያጫውተን «መጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። አስተማሪዬ ‹ይንቀጥቀጥ፤ ግን አታንሣው› አለኝ» ብሎናል።

ትምህርቱ ሲያልቅ የብቃት ምዘና አለ። ተመዛኙ በመዛኞች ፊት ቆሞ ሥራውን በእጁ ሠርቶ ማሳየት አለበት። ካላለፈ በሙያው አይመሰከርለትም።

ማንበብና መቁጠር በዚህ ሙያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ልብ በሉ። የመድኃኒት ስምና የማብቂያ ቀን ይነበባል። ትርታ ይቆጠራል። ያረፈ ጤነኛ ትልቅ ሰው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ትርታ አለው፤ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከዚህ የራቀ ቁጥር ሲገኝ ባለሙያው ይነቃል። የተደረገው ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፋል። ያቺ የደብተር ወረቀታችን በሐኪሙ እጅ ስትገባ እንደ ምስክር ሆና ተናገረች። እናንተም ዛሬ ያን ያህል መጻፍ ትችላላችሁ። ሰዓት፣ ቁጥር፣ አንድ ቃል፤ ይኸው ነው።

5. ልጃችን ይህን መማር ትችላለች ወይ?

አዎን፣ ትችላለች። ነገር ግን መንገዱን በግልጽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ትናንት ፊደል የለየ ጎልማሳ ነገ ኮሌጅ አይገባም። ይህን ለማለት አናፍርም። ለኮሌጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስና የመግቢያውን ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። ነጥቡና የሚፈለገው ክፍል በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ኮሌጆቹም በየዓመቱ የሚቀበሏቸው የሙያ ዓይነቶች ይለያያሉ። ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለእኛ አካባቢ ቅርብ የሆነው የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም ማስታወቂያ ሲወጣ ይነግራችኋል። ማስታወቂያው በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡት። ቀኑ ካለፈ በኋላ መስማት አይጠቅምም።

ወላጅ የሚያዋጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጅቱን ከትምህርት ቤት አለማስቀረት፣ ሳይደርስ አለመዳር፣ ማታ የምታጠናበት መብራት መስጠት ትልቁ ስንቅ ነው። «ሴት ልጅ ደም አይታ ትችላለች ወይ?» የሚሉ አሉ። እናቶች ሆይ፣ በምጥ ቤት ማን ነው ያለው? ደም ከማንም በላይ ያየችው ሴት አይደለችም ወይ? በምጥ ላይ ያለች የገጠር እናት በአምቡላንሱ ውስጥ ሴት ባለሙያ ብታገኝ፣ ያውም ቋንቋዋን የምትሰማ፣ እፍረቷም ፍርሃቷም ይቀንሳል።

የሙያውን ችግርም መደበቅ አይገባም። ሥራው ሌሊት አለው፤ በዓል የለውም። ደመወዙ ብዙ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በሽተኛው እንዲሁ በእጅ ላይ ያልፋል። ያን ቀን ባለሙያው ቤቱ ገብቶ እህል አይቀምስም። ወጣቱን «ታዲያ ለምን መረጥኸው?» ብለን ጠየቅነው። ጥቂት ዝም ብሎ «ታላቅ እኅቴ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሎ በቃሬዛ ላይ ሞተች። የተሸከሟት ስምንት ወንዶች ነበሩ። ከስምንቱ አንዱ እንኳ የሚያውቅ ቢኖር እላለሁ» አለን። ከዚህ በላይ አልጠየቅነውም።

ኮሌጅ የማይገባው ጎልማሳስ ከእውቀቱ ተካፋይ አይሆንም? ይሆናል። የመጀመሪያ ዕርዳታ አጭር ሥልጠና የኮሌጅ ወረቀት አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ለበጎ ፈቃደኞች ያስተምራል። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ፤ መንገዱን ታሳያችኋለች።

6. መኪናው እስኪደርስ

የሚከተለውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቤት ስትገቡም ላላነበቡት አንብቡላቸው።

ሀ. መጀመሪያ አካባቢውን እዩ። መኪና፣ ጎርፍ፣ ኤሌክትሪክ ወይም እሳት ካለ ሁለተኛ ሰው እንዳይጎዳ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ስልክ ይደውል።

ለ. ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ጨርቁ ቢርስ አታንሡት፤ ደርቡበት። ቡና፣ አፈር፣ እበት አታድርጉበት። እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ።

ሐ. ከመኪና ወይም ከዛፍ የወደቀን ሰው በእጅና በእግር አትጎትቱ። የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ ከሆነ ለዘለዓለም ሽባ ልታደርጉት ትችላላችሁ። እሳት ወይም ጎርፍ ካላስገደደ በቀር ባለበት፣ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ ያዙት።

መ. ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አታጠጡ። ወደ ሳንባው ገብቶ ያፍነዋል። የሚተነፍስ ከሆነ አንገቱን ደግፋችሁ በጎኑ አስተኙት።

ሠ. የተሰበረን እግር ወይም እጅ ቀጥ ባለ እንጨት፣ ጨርቅ ጠቅልላችሁበት፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያለው መጋጠሚያ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣቶቹ እንዳይቀዘቅዙ አታጥብቁ።

ረ. እባብ የነደፈውን ሰው አትብጡት፤ አትምጠጡት፤ በገመድም አታንቁት። ቀለበትና አምባር አውልቁለት። እንዳይሮጥ፣ እንዳይራመድ አድርጋችሁ ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። የመርዙ ማርከሻ ያለው እዚያ ነው።

ሰ. እሳት ያቃጠለውን ቦታ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል አብርዱ። ቅቤ አትቀቡ።

ሸ. ከወለደች በኋላ ደሟ ያልቆመ እናት አንድ ሰዓት እንኳ አትጠብቅም። «ይቆም ይሆናል» አትበሉ። አስተኟት፤ አልብሷት፤ ሕፃኑን ጡት አስይዙት፤ ወዲያው ጉዞ ጀምሩ። እትብቱን ማንም አይጎትት።

7. ቅሬያችን ምን ይሥራ?

በወሎ ምድር ቅሬ የማያውቅ ሰው የለም። ሰው ሲሞት ቅሬው በአንድ ጩኸት ይወጣል። መቃብር ቆፋሪው፣ ቃሬዛ ተሸካሚው፣ ውሃ ቀጂው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቸል ያለ ይቀጣል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ለሞተው የሚያደርገውን፣ ሊሞት ላለውም ለምን አያደርግም?

ስለዚህ ሦስት ነገሮች በቅሬ ስብሰባ ላይ ቢነሡ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ በመስጊዱ፣ በወፍጮ ቤቱና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበት ቁጥር 907 ነው፤ ይህም ከጎኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ቃሬዛው በታወቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ከእርሱ ጋር ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ ደብተርና እስክሪብቶ በአንድ ከረጢት ይኑር። ሦስተኛ፣ ከየመንደሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተመርጠው የመጀመሪያ ዕርዳታ ይማሩ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ከልጆቻችን አንዷ ወይም አንዱ ሙያውን ተምሮ ይመለስ። እኛ አምስታችን በዚያ እሑድ ያፈርንበትን እፍረት እናንተ እንድትደግሙት አንፈልግም። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ከወጣቱ ጋር ተቀምጠን፣ በአሮጌ ነጠላ እየተለማመድን፣ እጃችንን የት እንደምናሳርፍ ተምረናል። ተማሪም አስተማሪም መሆን ይቻላል።

የቃላት ፍቺ

ድንገተኛ ሕክምና፦ በአደጋ ወይም በብርቱ ሕመም ጊዜ ወዲያው የሚሰጥ ዕርዳታ።
የልብ ትርታ፦ ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓ ላይ በጣት የሚሰማ ምት።
ማደንዘዣ፦ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሕመም እንዳይሰማ የሚሰጥ መድኃኒት።
የብቃት ምዘና፦ ሙያተኛ ሥራውን በትክክል መቻሉ የሚታይበት ፈተና።
በጎ ፈቃደኛ፦ ያለ ክፍያ፣ በራሱ ፍላጎት የሚያገለግል ሰው።

ጥያቄዎች

1. ወጣቱ ከቁስሉ በፊት መንገዱን ያየው ለምንድን ነው?
2. ጨርቁ በደም ሲርስ ለምን አላነሣውም?
3. በ30 ሰከንድ 45 ትርታ ቢቆጠር በአንድ ደቂቃ ስንት ይሆናል? ይህ ቁጥር ያረፈ ጤነኛ ትልቅ ሰው ትርታ ሊሆን ይችላል?
4. ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ ቢጠጣ ምን ጉዳት ይደርስበታል?
5. የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ጠይቃችሁ ከዚህ በታች ጻፉ።
6. በመንደራችሁ ከዚህ በፊት የደረሰን አደጋ አስታውሱ። ምን ተደረገ? ምን ቢደረግ ይሻል ነበር? በአምስት መስመር ጽፋችሁ በክፍል አንብቡ።